ከፍ ያለች መኪና

ከአዌቱ ማዶ፣ ከተማም ጋራዥ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣
ፒካፔ ክሪክ ላይ ወጥታ፣ ጎማዋ ወልቆ፣ ሆዷ ሲንጠለጠል፣
የአምናው የዴዶ ጭቃ፣ ከባሌስትራዋ ስር ደርቆ፣
ወደቀ እግሬ ላይ፣ እንደ ቆየ ዕዳ ተሰነጣጥቆ።

ተማም አይቸኩልም። ቡሎኑን አንድ በአንድ በናፍጣ ያጥባል፣
«ይሄ አሞርዛተር ሞቷል፤ ቀብሩ ነው የዘገየው» ይላል።
ሁለት ብረት ጨመረላት፣ ከባሌስትራው መሃል፤
ወገቧ ቀና አለ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል።
አራት ጎማም ገዛሁ፣ ጥርሱ የሚያስፈራ፣
የሁለት ወይፈን ዋጋ፤
ሚስቴ እስካሁን ስለሱ አታወራ።

ሐምሌ ላይ ያን ዳገት፣ አምና ስምንት ሰው ገፍቶ ያወጣትን፣
ብቻዋን ወጣችው፣ ጭቃውን እያኘከች፣ እየተፋች ድንጋዩን።
እኔም ጋቢናዬ ውስጥ ቁመቴ ጨመረ፤
የሞላ ጅረት ሳይ እንኳ ልቤ አልተሸበረ።

ከዋንዛው ስር አዴ ዘምዘም፣ ጉልበታቸው አብጦ፣
የጅማ ሆስፒታል ካርዳቸው በፌስታል ተሸጉጦ።
በሩን ከፈትኩ። ወለሉን አዩት፤ ወገባቸው ላይ ደርሷል።
«ለጭቃውስ አስበሃል፤ ለኔ ጉልበት ማን አስቧል?»

ተንበረከክሁ። ዝናቡም አላቆመም።
በኮንጎ ጫማቸው ጀርባዬን ረግጠው ወጡ፤
አልከበዱኝም።

በሳምንቱ ተማም፣ መርገጫ ሊበይድልኝ ሜትሩን ዘርግቶ፣
«ከመሬት ስንት ይራቅ?» አለኝ፣ እርሳሱን ከጆሮው አንስቶ።
ግሪሱ ላይ ተንበረከክሁ።
«ጀርባዬን ለካ» አልኩት።