የሆድ መዝገብ

ሰበታ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከኩሬዎቹ ማዶ፣
የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ጠረጴዛ፣ ሚዛን፣ አንድ ባልዲ ባዶ።
ጃለኔ ትሰነጥቃለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤
ዓሣ በእጄ ሳልነካ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ።

ከዝዋይ በሌሊት የተነሳው አይሱዙ፣ በረዶው ሟምቶ፣
ሲነጋ ይደርሳል፣ ግማሹን ለቡታጅራ መንገድ አጠጥቶ።
ቱፋ ሞተር አያጠፋም። «ቶሎ በሉ» ይላል፣
«ሁዳዴ አይደል እንዴ፣ እስከ ዓየር ጤና ሆቴሉ ሁሉ ይጠብቀኛል!»
ሠላሳ ቆሮሶ ለእኛ ይቀራል፣ የሚለካ፣ የሚመዘን፤
ሌላው ይሄዳል፣ «የጾም ነው»፣ «አይደለም» የሚለውን ክርክር ለባለጉዳዮቹ ትተን።

ቁጥር አንድ። ሃያ ሁለት ሳንቲም። ወንድ።
ሆዱ ሙሉ፦ የውሃ ሽበት፣ ደቃቅ አሸዋ፣ የትንኝ እጭ አንድ።
ቁጥር ሁለት። ዐሥራ ዘጠኝ። ሴት። እንቁላሏ ያልበሰለ።
ሆዷ ግማሽ፦ የውሃ ሽበት፣ ደግሞ ቀይ ነገር፣ ከፌስታል የተቀደደ የመሰለ።

«የውሃ ሽበት» ስል እጄ ሳላዝዘው ወደ ራሴ ይሄዳል፤
ሽበት በልቶ ማደግ እንዴት ያለ ነገር ነው? ለእኔ ግን አልሆነኝም፣ ይኸው ያሳሳኛል።

አንድ ቀን ቅርፊት ነቅላ በአጉሊ መነጽር አሳየችኝ፤ ቀለበት በቀለበት፣
ሰፊው የጥጋብ ወራት፣ ጠባቡ ዓሣው የከፋበት።
የእኔንስ ቅርፊት ማን ባነበበው ብዬ አሰብኩ፤
ሰባ ሰባት ላይ ክር ታክል ነበር። ሳቅሁ፤ ደግሞ ጻፍኩ።

የድሮው መዝገብ መደርደሪያው ላይ አለ፣ ጀርባውን አይጥ በልቶታል።
እዚያ ገጽ ላይ እናት ዓሣ ክንድ ታክላለች፤
ዛሬ የምጽፋት ከመዳፌ አታልፍም፣ ግን አርግዛለች።
መረቡ ትልልቁን ለቅሞ ሲጨርስ፣
ልጅነት ጊዜ አያገኝም፣ እስኪደርስ።

ቁጥር ሃያ ሰባት ላይ ጃለኔ ዝም አለች።
መቀሱን አስቀምጣ የዓሣዋን አፍ በአውራ ጣቷ ከፈተች።
እንቁላል!
ቢጫ፣ እንደ ማሽላ ፍሬ፣ ጉንጯን ሞልቶ አንድ ጭብጥ ያህላል።

ሌሎቹ መረብ ሲነካቸው ይተፋሉ፤ ይቺ ግን አልተፋችም፤
በጀልባው፣ በበረዶው፣ ያን ሁሉ መንገድ አፏን አልከፈተችም።

ሆዷን ሰነጠቀችው፤ ታጥቦ የተሰጣ ስልቻ የመሰለ፣
የውሃ ሽበት የለ፣
አሸዋ የለ።
«ልጆቿ ዋኝተው እስኪወጡ አትበላም» አለች፣ ፊቷን አዙራ፣
«ዐሥር ቀን፣ ዐሥራ ሁለት ቀን። ብትውጥ የምትውጠው የራሷን ፍሬ ነዋ።»

«ምግብ» በሚለው ዐምድ ሥር የሚጻፈው ዜሮ ነው፤ ደንቡ ነው፣ ይታወቃል፤
እስክሪብቶዬ ግን ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀለም ያንጠባጥባል።
«ጾም» ብዬ ጻፍኩ።
አየችው። «ጋሽ ደምመላሽ፣ ይሄን ኮምፒውተሩ አይቀበለውም» አለች፤
አልሰረዘችውም፤ ቁጥር ሃያ ስምንትን አነሳች።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ዓለም ገና ወረድኩ፣
«የጾም ዓሣ አለ» የሚል ሰሌዳ ሥር ተቀመጥኩ።
መጣ፣ የተጠበሰ፣ ጎኑ እንደ መሰላል የተተለተለ፣
ጭንቅላት የሌለው።
«ራሱስ?» አልኩት አስተናጋጁን። «ለድመት ነው የምንሰጠው፣
ጋሼ፣ ምን አለው ብለው?»

ምን አለው!
ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ከጀርባው ሦስት ሰው ይጠራዋል፣ ሄደ።
ርቦኛል። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም።
ሎሚውን ጨመቅኩበት፣
በላሁት።

ነገ ዓርብ ነው። ቱፋ ይመጣል።