ጭስ የሌለው ገበያ

ሠላሳ ዓመት በጠመኔ ስስል ኖርኩ፣ የጢሮስን ጀልባ፤
አፍንጫዋ የፈረስ ራስ፣ ጎድኗ የሊባኖስ ዝግባ፤
ሆዷ ብርጭቆ፣ ቆርቆሮ፣ ከቀንድ አውጣ የተጨመቀ ቀለም።
ባሕር ያላዩ ልጆቼ «ይህቺማ በቅሎ ናት» ቢሉ አልፈርድም።
ጡረታ ጠመኔውን ነጠቀኝ፤ መርከቧን ግን አልቻለም።

አሁን ማለዳ ማለዳ አሞራ ገደል እወርዳለሁ፤
ከአባ ኮዳዎቹ ጎን ቆሜ፣ ጀልባ ሲገባ አያለሁ።

እነዚያ ባሕረኞች፣ እል ነበር፣ ቋንቋው ከማይገባቸው ዳርቻ ሲደርሱ፣
ዕቃቸውን አሸዋ ላይ ዘርግተው፣ ጭስ አጭሰው ነበር የሚመለሱ።
የአገሩ ሰው ከጫካ ይወጣል፤ ወርቁን አኑሮ ይሸሻል፤
ካነሰ ነጋዴው አይነካም፤ ይጠብቃል። ወርቁ ይጨመራል።
ቃል የለ፣ መሐላ የለ፣ ደላላ የለ።
«እውነት ነው መምህር?» ይሉኛል።
«እንዲህ ይባላል» እላለሁ፤ ማን አብሮ ዋለ?

ላሚሶና አልታዬ በአንድ መረብ ዋጋ ሲኳረፉ ሁለት ክረምት አለፈ።
«በዱቤ ያወጣሁት የኔ ነው» አለች፤
«ከፍዬ ጨርሻለሁ» አለ፤
ሽማግሌ ለፋ፤ ቃላቸው ነጠፈ።
ዓሣ ግን ኩርፊያ አያውቅም፤ ቀትር ሳይደርስ ይሸታል።
ስለዚህ ላሚሶ ቆሮሶውን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ያኖራል፣
ጀልባው ላይ ተመልሶ ጀርባውን ይሰጣል።
አልታዬ ትመጣለች፤ ስንጥቡን ገልጣ ታያለች፣
ብሩን በጠጠር አስይዛ ወደ ሾላው ጥላ ትመለሳለች።
የቀረው ጭሱ ብቻ ነው።

ትናንት ላሚሶ ብሩን አልነካም።
ሃምሳ ጨመረች። አልነካም።
ከመቀነቷ ፈትታ ሌላ ሃምሳ። ጀርባው ንቅንቅ አላለም።
ፀሐይ ከፍ አለች። አንዱ አባ ኮዳ፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር፣
እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወደ ድንጋዩ ይንጎራደድ ጀመር።
ያኔ ነው አልታዬ፣ ከሁለት ክረምት በኋላ፣ የጮኸችው፦
«ቆሮሶህ የሕፃን መዳፍ አታህልም! በዚች ነው የምትኮራው?»
እሱም ሳይዞር፦
«መረብሽ ነው ዓይኑ የጠበበው!»

መረብሽ አለ።
ሰማሁት። እሷም ሰምታ፣ አፏን እንደከፈተች ቀረች።
ከዚያ ጭቅጭቁ እስከ ረፋድ፤ የክር ውፍረት፣ የእርሳሱ ክብደት፣
ማን ለማን ምን እንዳለ፣ በየትኛው ለቅሶ ቤት።

ይህ ሐይቅ በር የለውም፤ ወደ የትም ባሕር አይፈስም፤
የጢሮስ ፈረስ አፍንጫዋን ከዚህ ውሃ አልነከረችም።
እኔ ግን ሳላስበው ኪሴን ዳበስኩ፣
ጠመኔ ፈለግሁ።

ብሩ ድንጋዩ ላይ እንደረጠበ ነበር።
ትልቋን ቆሮሶ አባ ኮዳው ወሰዳት።