የኮቱ ገበር

በሬሳ ድልድይ ማዶ፣ ከጣውላ ቤቱ ጀርባ፣
ቆማ አገኘኋት፣ ጎማዋ ሣር ውስጥ እንደገባ።
ድሮ የመንገድ ሥራ ቀያሾች ያደሩባት፣
አልጋ ከነፍራሹ፣ ምድጃ ያለባት፣
እጅ መታጠቢያ እንኳ፣ መጋረጃም አላት።
ቤት ናት ወይስ መኪና? ለእኔስ ሁለቱም ናት።

ወይዘሮ አመለወርቅ በየመስከረሙ
ከሚያፈሰው ጣራ ሥር ኪራይ ሲያለመልሙ፣
ሲንጀሬን ጭኜባት፣ ከሰው ግቢ ወጥቼ፣
ደነባ፣ እነዋሪ፣ መሐል ሜዳ ሰፍቼ፣
ገበያው ሲበተን እዚያው እተኛለሁ
ብዬ ነው የመጣሁ።

የሃያ ዓመት ዕቁብ በጉያዬ አለ፤
ማንም አያውቅ ስል፣ ደላላው ልሳኑ ዓይኑን እዚያው ጣለ።
«ጋሽ ደፈርሻ» አለኝ፣ «እርስዎማ ቀናዎት!
የአዲስ አበባ ሰው ሊወስዳት ሲል፣ እኔ ነኝ ያቆየሁልዎት።
አንድ መሐንዲስ ነው የነዳት፣ ያውም ቀስ ብሎ፣
እንቁላል እንደጫነ፣ ከጉድጓድ ከልሎ።»

«ስንት ነው?»
«ስምንት መቶ።»
«ሺ?»
«ታዲያ ሳንቲም ኖሯል?»

የደብረ ብርሃን ብርድ ጆሮዬን ቆረጠው፤
ዋጋውን የሰማው ቀኙ ነው መሰለኝ ቀድሞ የደነዘዘው።

አባቴ በግ ሲገዛ፣ ላት እያየ እንዳላየ፣
ከሌላው በግ ጋር ነበር ሲያወራ የቆየ።
እኔም ከጎማዋ ጋር ጥቂት አወራሁ፤
ኋላ ከደረት ኪሴ ማግኔቴን አወጣሁ፣
ወለል ላይ የወደቀ መርፌ የምለቅምባትን።
ከኮፈኑ አስጠጋኋት፤ ልጥፍ።
ከቀኝ በሯ፤ ልጥፍ።
ከግራ ጎኗ፤ ዱብ።
አነሳሁ፣ ደገምኩ። ዱብ።

«ይሄ ብረት ነው?»
«ብረት ነው።»
«ማግኔቷ ግን ስቱኮ ነው ትላለች።
ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፤ እራፊ አይሸሸገኝም፣
ቀለሙ ምንም ቢደምቅ፣ ስፌት አይዋሸኝም።
ይህች ልጅ ጣርማበር ላይ ተገልብጣለች አንዴ፤
የጣፋትስ ሰውዬ ዓይን የለውም እንዴ?»

ልሳኑ ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ሰባ ሺ ወደቀ።
ወደ ጎን ወስዶኝ፣ በሹክሹክታ፣ ሰላሳ ለቀቀ።
ለአዲስ አበባው ሰው ሲደውል፣ የጠፋው ስልኩ አሳበቀ።

ደህና ዋል አልኩና ወደ ድልድዩ አዘገምኩ፤
እርምጃዬን በክንድ ሳይሆን በሺ ብር ቆጠርኩ፤
አሥር… አሥራ አምስት… ሃያ…
ብዞር ተበላሁ። ባልዞር ቤቴ ቀረች።
አንገቴ የራሷን ልብ አውጥታ ቆመች።
ውኃው ዳር አንድ ጎረምሳ ጋሪ ያጥብ ነበረ፤
«አባባ፣ እየተጠሩ ነው» ብሎ አበሰረ።

ከዚያ እጅ ለእጅ ተያያዝን፣ ጋቢዬ ሥር ሸሽገን፣
ጣት በጣት እየቆጠርን፣ ከንፈራችንን ዘግተን፤
እሱ ስድስት መቶ ላይ፣ እኔ አምስት ሰማንያ፤
ሃያ ሺ መሐላችን ቆመች፣ እንደ እልከኛ አህያ።

ያኔ ነው ኮቱን ያየሁት።
ክርኑ ሳስቷል። ኮሌታው ነትቧል። ፊቱን ፀሐይ በልቶታል።
«ይህን እገለብጥልሃለሁ» አልኩት፤ «ውስጡ ገና ልጅ ነው።
የልጆችህንም ዩኒፎርም እስከ ዓመት እሰፋለሁ።
ሃያዋን በዚህ እንርሳት።»
ኮቱን አየ። እኔን አየ። ጎኗን አየ።
«ይሁን» አለና አወለቀ፣ እዚያው፣ በዚያ ብርድ፣ በሸሚዝ።

ማታ በራሴ ቤት፣ ከሲንጀሬ ፊት ስቀመጥ፣
ምላጬን አስገባሁ፣ ገበሩን ልገልብጥ።
ከስፌቱ መሐል ወረቀት ወደቀ፣
በእርሳስ የተጻፈ፣ ላብ ጠርዙን ያደቀቀ፤
‹ቤት መኪናዋ። ባለቤቱ ይሸጣል በአምስት መቶ።
ከዚያ በላይ ያለው የኔ።›

መቀሱን አስቀመጥኩ።
ሰማንያ ሺ ብር!
ማግኔቴ ስቱኮ እንጂ ወረቀት አትለይ።
ውጭ ነፋሱ የተጣፈ ጎኗን ይደበድባል፤
እኔ ብቻዬን፣ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ እስቃለሁ።

ኮቱን ግን በደንብ ገለበጥኩት። ድርብ ስፌት።
ወረቀቱንም አጥፌ፣ በጨርቁና በገበሩ መሐል፣
ከልቡ ትይዩ፣ መልሼ ሰፋሁት።

ጠዋት ለበሰው። ደረቱን ዳበሰ።
«እዚህ ጋ ይንኮሻኮሻል» አለኝ።
«አዲስ ነዋ» አልኩት፤ «ሲለበስ ይለምዳል።»