አስራ ሰባት ቁጥር

እዚህ መስኮት የለም፤
በማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚነጋው፣ የሚጨልም።
ውጪ የቶያማን ተራራ በረዶ ሲያለብሰው
እኛ ውስጥ ሃያ ሁለት ዲግሪ ነው፣ ለአይጡም ለሰው።

በመርፌ ጫፍ ገባ፣ በቀኝ የኋላ እግሩ መዳፍ፣
ቁርጥማት የምንለው፣ አጥንት ቆርጣሚ አፍ፤
ቆርጣሚው አይጥ ራሱ ዛሬ ተቆረጠመ፣
እግሩ እንደ ፕሪም ቀላ፣ አበጠ፣ ጋመ።

እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃው ቱቦ ውስጥ ነክሬ
ሽቅብ የተገፋውን አነባለሁ፦ ትናንት ስንት፣ ስንት ዛሬ፤
ሁለት ነጥብ አንድ፣ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ፣
ስቃይ በሚሊ ሊትር ተሰፍሮ ሲገኝ።

ማን መድኃኒት፣ ማን ባዶ ውሃ እንደተጋተ
አላውቅም፤ ዝርዝሩ በዶክተር ኩዋባራ መሳቢያ ታሽጎ ተከተተ።
እንዳላዳላ ነው። ደንቡ ያውቃል መቼስ፣
ዓይን የወደደውን፣ እብጠቱን እንደሚያሳንስ።

አስራ ሰባት ቁጥር፤
ስም መስጠት ክልክል ነው፣ ጅራቱ ላይ ብቻ የቀለም መስመር።
በአራተኛው ቀን ጎረቤቱ እግሩን ወለል አስረገጠ፣
እሱ ግን በሦስት ቆሞ አራተኛዋን ሆዱ ሥር ሸጎጠ።
ለሁሉም ምግቡን ዝቅ አደረግኩ፣ ማንም እንዳይንጠራራ፤
እሱ ጋ ግን እጄ ቆየ። በመዝገቡ የለም ይህ ሥራ።

ሽማግሌው ሚናጋዋ፣ የሳጥን አጣቢው፣
ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል የተጣመሙት ሰው፣
“መቼ ነው ፋርማሲ የሚደርስ?” አለኝ።
“ከተሳካ፣ ዐሥር ዓመት።”
ሳቀ።
“እንግዲያ አይጡ ቀደመኝ።”

በሃያ አንደኛው ቀን መሳቢያው ተከፈተ፤
አስራ ሰባት ቁጥር ባዶ ውሃ ነበር የተጋተ።
መድኃኒቱ ሠርቷል። ግራፉ ላይ ሁለቱ መስመር ተለያየ፣
ዶክተር ኩዋባራ አጨበጨበች፤ ዓይኔ ግን የላይኛዋን መስመር አየ።
ያች መስመር ያለ እሱ አትሰመርም፤
ያልተፈወሰ ከሌለ የፈውስ ልኩ አይታወቅም።

ለሚናጋዋ ነገርኩት። መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፈ፤
“እንግዲያ እኩል ነን” ብሎ አለፈ።

ዓመቱ ዞሮ በመኸር፣ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣
በድንጋዩ ፊት ቆምን፣ ነጭ ጋዎን አውልቀን፣ ይዘን አበባ።
በዓመት አንዴ ነው፤ ለነሱ፣ ስም ለሌላቸው።
አንዱ ጥቂት የምግባቸውን እንክብል አኖረላቸው።

ሌላው ሁሉ ተንበረከከ። የሚናጋዋ ጉልበት እምቢ አለ፤
ቆሞ ራሱን ደፋ፣ ክብደቱን ወደ ግራ አዘነበለ፣
ቀኝ እግሩን በትንሹ አንስቶ።

ያን አቋቋም አውቀዋለሁ።
ሚሊ ሊትሩን ብቻ አልለካሁም።