ሃያ ብቻ ይይዛል

ከዓሣ ተራው ጀርባ፣ ውሃ በሚያዥበት፣
ኢሎኢሎ ላይ ሱቅ አለችኝ፣ ስልክ የምጠግንበት።
ወረንጦ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ አልኮል በጠርሙስ፤
ጨው የበላው ስልክ ይመጣልኛል፣ ከመርከበኛ ኪስ።

ማናንግ ሮዌና መጣች፣ ጃንጥላዋን ሳትዘጋ፤
በመሀረብ የጠቀለለችው፣ ከታጣፊዎቹ ሁሉ ርካሹ በዋጋ።
«ማጠፊያው ላልቷል» አለችኝ፣ «ስዘጋው ድምፅ የለው፤
ቀጭ ካላለ፣ ወሬዬ ማለቁን በምን ልወቀው?»

ከፈትኩት።
አንቴናው በጥርስ የሚሳብ፣ ጫፉ የተላጠ፤
የአምስት ቁጥር ነጥቧ በአውራ ጣት የተዋጠ፤
ጀርባው ላይ መስኮት አለች፣ ጥፍር የምታክል፣
ሰዓት ነጋሪ ናት፤ ማን ደወለ ሲሏት «እኔ እንጃ» የምትል።
ካሜራ የለው፣ ቀለም የለው፤ ዜማው አሥር፣ አሥሩም ጥዝዝ፤
መቶ ስም ይችላል፣ እሷ ግን አራት ነው የምትይዝ፦
አርኔል። አርኔል መርከብ። አርኔል ወደብ።
እና ቄሱ።

ለማጠፊያው መላ አለ፤ ሁለት ብሎን፣ አንዲት ሞላ፤
ከሞተ ስልክ ነቀልኩና፣ የሌላውን አጥንት ለሌላ።
ቀጭ!
ፊቷ በራ።

እኔ ግን ከስክሪኑ ጥግ ትንሽ ፖስታ አየሁ፣
ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም።
«ማናንግ፣ ሞልቷል እኮ፤ ሃያ ብቻ ነው የሚይዘው፤
አንዱን ካላስወጣሽ፣ ደጅ የሚጠናው አይገባም።»
«አውቃለሁ» አለች። «ሁለት ቀኑ ነው።»

ሃያውም የአርኔል ናቸው፤
ከዘይት ጫኝ መርከብ ላይ፣ ወደብ በነካ ቁጥር የላካቸው።
መነጽሯን ረስታለች፤ ስለዚህ አንባቢው እኔ፣
የሰው ባል በአፌ ሲናገር፣ እያፈርኩ በጎኔ፦

«ሲንጋፖር ገባን። ሙቀት ነው።»
«ብሩ ደረሰ? ለጣሪያው ነው፣ ለወንድምሽ እንዳትሰጪ።»
«ጥርሴን ነቀሉት። ብዙም አላመመኝ።»
«እሺ።»
«እዚህ ሌሊት ነው። አንቺ ጋስ?»

«የትኛው ይውጣ?»
ጣሪያው አይሆንም። ጥርሱም አይሆንም፣ አሞት ነበር፣ ይዋሻል።
ሌሊቱማ እንዴት ተደርጎ!
ሙቀቱ ላይ ጥቂት ቆየች፤ ጂፕኒው ሁለቴ ጮኸ፣ አለፈ፤
የዓሣ ሻጯ ባልዲ በእግራችን ሥር ጎረፈ።
«ያቺ ‹እሺ› የምትለው ትሂድ» አለች፣
«ሁለት ፊደል ናት፣ ምን ታጎድላለች?»

ይሰረዝ? ብሎ ጠየቀኝ ስልኩ።
አዎ።
ፖስታው ብልጭታውን ተወ፤ አዲሱ መልእክት ገባ።
ሁለታችንም አጎነበስን፦

«ውድ ደንበኛችን፣ እስከ እሑድ ካርድ ከሞሉ
አሥር ነፃ መልእክት ያገኛሉ።»

ሳቀች። ጃንጥላዋ እስኪወድቅ ሳቀች።
እኔም ሳቅኩ፤ የሞላዋንም ዋጋ አልተቀበልኩ።

በማግስቱ ሱቁን ሳልከፍት፣ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት፤
ዝናብ የለም፣ ጃንጥላውን ግን ዘርግታዋለች።
«ያቺን ‹እሺ› መመለስ ይቻላል?»

ሌሊት ነው ትዝ ያላት።
«ለልጁ ክርስትና ትመጣለህ ወይ» ብላው ነበር፣
መልሱ ያቺ ነበረች።

ጥያቄዋን ፈለግን፤ የለም።
ይህ ስልክ የላኩትን አያስቀምጥም፣
የመጣውን እንጂ፤
የራስህን ቃል አንተው ያዘው የሚል ዓይነት ነው።

እንደማላገኝ እያወቅሁ ከፈትኩት፣ ብሎን በብሎን፤
ብሩሹን አልኮል ነክሬ አሸሁት፣ የሠራሁ እንዲመስል።
እሷም እንደማላገኝ እያወቀች ጠበቀችኝ፣
መብራቱን በእጇ ደግፋ።

መልሼ ገጠምኩት።
«ክርስትናው መቼ ነው?» አልኳት፣ ዝም ከምል ብዬ።
«እሱ የመጣ ቀን» አለችና፣
ስልኩን
ቀጭ።