ተነሽና ወዳቂ

እናቴ በቁንጥጫ ያስተወችኝን ነውር፣
ዛሬ ለማስተርስ ብዬ፣ ማራኪ፣ ከዶርማችን በር፣
በተሰነጠቀች መስተዋት እለማመዳለሁ፤
ምላሴን ከጥርሶቼ መሃል አወጣለሁ።

ምን ላድርግ? ትናንት ጽሑፌን ሳቀርብ
"አስባለሁ" ልል ብዬ "እሰምጣለሁ" አልኩ፤
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ጥላዬ ብቻ፣
መነጽሩን እየወለወለ፣ በዚያ በዝግታው፣
"ዋና የሚችል የለም?" አለ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ውዳላት በበኩሏ የደብተር ቅዳጅ አንጠልጥላ
"ፐ" ትላለች፤ ደግማ "ፐ"፤ እራቷን ሳትበላ።
ወረቀቱ ካልተርገበገበ ፊደሉ አልወጣም፤
የእኛው "ጰ" ቢሆንማ ቅዳጁን አይነካም፤
ጰራቅሊጦስን ስንጠራ እንኳ ትንፋሽ አናባክንም።

"ገና"ን ከ"ገና" የሚለይ፣
የጠበቀውን ከላላው የሚያውቅ ይህ ጆሮዬ፣
በግና መርከብ ሲሆን ሁለቱንም "ሺፕ" ይለኛል።
ድምፄን ቀድቼ ስሰማው በስልኬ፣ በሌሊት፣
እኔ አይደለሁም፤ አክስቴ ናት፣
ጉንፋን ይዟት ከአከራይዋ ጋር የምትሟገት።

ከሁሉ የባሰው ግን የቃሉ ሸክም ነው፦
"ፎቶግራፍ" ሲሉ ፊቱን ይጫኑታል፤
"ፎቶግራፈር" ሲሉ ወደ መሃል ይዞራል፤
እኔ እኩል አካፍላለሁ፣ እንደ እድር ዳቦ።

አጃናው ነው የፈታልኝ፣ ጃን ተከል ዋርካ ስር።
በዘጠኝ ዓመቱ ንባብ ቤት ገብቶ ነበር፣
የኔታ ይትባረክ ዘንድ። ዓይናቸው አያይም፤
ግን ከሃያ ልጅ ጩኸት መሃል
አንዱ ተነሹን ወዳቂ ቢያደርገው፣
"ጣልከው!" ይላሉ፤ "አንሳው!"
አለንጋቸውም አትስትም።

"እንግሊዝኛሽም" አለኝ "ተነሽ አለው፣ ወዳቂ አለው፤
ግዕዝ ነው ብለሽ አንብቢው።"
ዓይኑን ጨፈነ። ጉልበቱን በጣቱ እየመታ ጠበቀ።
ባጃጅ አለፈ። ሌላም አለፈ።
"ፎቶግራፈር" አልኩ፤ ሁለተኛው ላይ ከፍ አልኩ።
"ተነሣ!" አለ።
ስልኬም ቃሉን ሳይሳሳት ጻፈው፣
ከስድስት ወር ልፋት በኋላ።

ደስ ብሎኝ "ቀሃ" አልኩት፣ የሰፈሬን ወንዝ፣
ልክ እናቴ እንደምትጠራው፣ ከጉሮሮዬ ሥር።
ስልኩ አሰበ፣ አሰበ፣ "ካር" ብሎ ጻፈ፤ መኪና።
አጃናው ተቀብሎኝ ወደ ከንፈሩ አስጠጋና፣
"ጣልከው" አለው በየኔታ ድምፅ።
"አንሳው።"