ምስር የምታህል

ጅማ በዝናብ ርሳ፣ አዌቱ ሲሞላ፣
ዘይቱና እንስሳት ክሊኒክ ገባች፤ በነጠላዋ ውስጥ ቡላ።
«ሦስት ዓመት ያነክሳል፤ ከግንቡ ወድቆ ነው፣
ባሌ እንደነገረኝ፣ አላህ ይርሐመው።»

ሐኪሙ ነስሩ፣ የእርሳስ ሽርጥ አንግቶ፣
«ትንፋሽህን ያዛት» አለው፣ ውሻነቱን ዘንግቶ።

ጓ አለ መሣሪያው።
በጥቁሩ መስታወት አጥንቱ ነጣ፣
ከዳሌው አጠገብ ግን አንድ ፍሬ ወጣ፦
ምስር የምታህል፣ ከአጥንት የደመቀች፣
የአየር ጠመንጃ ጥይት፤ ከግንብ ያልወደቀች።

ጠመንጃውን ታውቀዋለች፤ ለጦጣ ነበር የተገዛው፣
ዛሬም ከበር ጀርባ ቆሟል፣ አቧራው የበዛው።

«ጥይቷ አትጎዳውም፤ አብራው ትኑር» አላት፣
«የሚያመው አንጓው ነው።» መድኃኒት ጻፈላት።

ማታ ቡላ እንደ ልማዱ
ከሟቹ ቦቲ አጠገብ ተኛ።
ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፋ
«አንተ ታውቅ ነበር» አለችው።